«ደርሷል» የምትለው መልስ

መካነ ሰላም ከደሴ በስተ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በወሎ ቦረና ደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእርሷ አልፎ የሚሄደው መንገድ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ጎጃም ይወጣል። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን፣ ክረምት ገብቶ ዓባይ ሲሞላ፣ ወዲህና ወዲያ ማዶ ያሉ ዘመዳሞች ውኃው እስኪጎድል አይገናኙም ነበር። በጋ ሲሆን ሲራራ ነጋዴው ይመላለሳል። ገንዘብ መላክ የፈለገ ሰውም ብሩን በጨርቅ ቋጥሮ ለሚያምነው መንገደኛ በአደራ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። የሚጠበቀውም አንዲት ቃል ናት፤ «ደርሷል»።

ቃሏ ሳትመጣ ስትቀር ላኪው የሚያስበው ብዙ ነው። መንገደኛውን ሽፍታ አግኝቶት ይሆን? ወይስ ገንዘቡ ደርሶ መልሱን የያዘው ሰው ቀረ? ወይስ ሁሉም ደኅና ሆነው ገና በመንገድ ላይ ናቸው? ቤቱ ለተቀመጠው ሰው ሦስቱም አንድ መልክ አላቸው፤ ዝምታ። ድጋሚ ቢልክ ሁለት ጊዜ መክፈሉ ነው፤ ባይልክ ደግሞ ማዶ ያለው ዘመድ ይቸገራል።

ዛሬ በመካነ ሰላም ገበያ አንድ ነጋዴ ስልኩን አውጥቶ ደሴ ላለ አከፋፋይ ብር ይልካል። መሀል ላይ ኔትወርክ ይጠፋል። ብሩ ከሂሳቡ ተቆርጧል፣ አከፋፋዩ ግን «አልገባም» ይላል። ነጋዴው የቆመው አያቱ በቆሙበት ስፍራ ነው። ድጋሚ ልላክ ወይስ ልጠብቅ? የሚከተለው ታሪክ ሰዎች ይህን ጥያቄ በሒሳብ ለመፍታት 60 ዓመት የተጓዙበት ነው። ጉዞው የተጀመረው ከቦረና እጅግ በራቀ አገር ቢሆንም፣ ከማንም በላይ የሚመለከተው እንደ ቦረና፣ እንደ አማራ ሳይንት፣ እንደ ወግዲና ከለላ ያለውን አገር ነው ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1962 ካርል አዳም ፔትሪ የተባለ ጀርመናዊ ለዶክትሬት ማሟያው ያቀረበው ጽሑፍ ጎን ለጎን የሚካሄዱ ሥራዎችን በክብና በመስመር ለሚሥለው ዘዴ መሠረት ሆነ። ክቡ ሁኔታ ነው፤ መስመሩ ድርጊት ነው፤ በክቡ ውስጥ የምትቀመጥ ነጥብ ሥራው የት እንደደረሰ ታሳያለች። ነጥቧ ወደፊትም ወደኋላም መሄድ ካቃታት ሥራው ቆሞ ቀርቷል ማለት ነው። በማግስቱ ዓመት በ1963 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ራሱን ችሎ ቆመ። ያኔ ሁለቱን ነገሮች ያገናኘ ሰው አልነበረም፤ የሚያገናኝ ምክንያትም አልነበረም።

በ1969 እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ሐሳቡ እኛ አገር «ውል» ከምንለው ነገር ብዙ አይርቅም። አንድ የፕሮግራም ክፍል ሥራ ከመጀመሩ በፊት እውነት መሆን ያለበት ነገር ይጻፋል፤ ሲጨርስ እውነት የሚሆነውም ይጻፋል፤ ከዚያ የመጀመሪያው ከተሟላ ሁለተኛው እንደሚሟላ በሒሳብ ይረጋገጣል። በወሎ ቅሬ (ዕድር) ያለው ሰው ይህን ለመረዳት ኮምፒውተር መማር አያስፈልገውም። መዋጮውን የከፈለ አባል ቤቱ ሐዘን ሲደርስ ቅሬው ይቆምለታል፤ ቀሪ የሆነው ምን እንደሚቀጣም አስቀድሞ ተነግሯል። ሆር ያደረገው ነገር ቢኖር ውሉን ለማሽን መስጠቱ ነው።

በ1975 ሦስት ተመራማሪዎች፣ አኮዩንሉ፣ ኤካናዳምና ሁበር፣ የዓባይን ማዶ ለማዶ ችግር ሳያውቁት ጻፉት። በኋላ ጂም ግሬይ የሁለቱ ጄኔራሎች ችግር አለው። ሁለት የአንድ ወገን ጦሮች በሁለት ተራሮች ላይ ሰፍረዋል፤ በመካከላቸው ባለው ሸለቆ ጠላት አለ። ካልተባበሩ ይሸነፋሉ። አንዱ «ነገ ጎህ ሲቀድ እንግጠም» ብሎ መልእክተኛ ይልካል። መልእክተኛው መድረሱን ለማወቅ መልስ ይፈልጋል። መልሱን የላከው ደግሞ መልሱ መድረሱን ለማወቅ ሌላ መልስ ይፈልጋል። መልእክተኛው ሊማረክ እስከቻለ ድረስ የቱንም ያህል ቢመላለስ ሁለቱም እኩል እርግጠኛ የሚሆኑበት ጊዜ እንደሌለ ተረጋገጠ። ይህ የማሽን ድክመት አይደለም፤ ፈጣን ስልክም አይፈታውም። አስተማማኝ ባልሆነ መንገድ ላይ ሙሉ እርግጠኝነት የለም።

ይህ ከታወቀ በኋላ የቀረው ጥያቄ የተለየ ሆነ። እርግጠኛ መሆን ካልቻልን፣ በእያንዳንዱ የዝምታ ዓይነት ውስጥ ማንም ሳይጎዳ የሚያልፍ አሠራር መንደፍ እንችላለን? ለዚህ ደግሞ የዝምታ ዓይነቶችን አንድ ሳያስቀሩ መቁጠር ያስፈልጋል። ሆር በ1978፣ ሮቢን ሚልነር በ1980 በየፊናቸው እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡ ፕሮግራሞችን የሚጽፉበትን ቋንቋ አበጁ። አሚር ፕኑዌሊ በ1977 «ሁልጊዜ»ና «ውሎ አድሮ» የሚሉትን ቃላት ወደ ስሌት አስገባ። «ከሂሳብ የወጣ ብር ውሎ አድሮ ወይ ተቀባዩ ጋ ይደርሳል፣ ወይ ወደ ላኪው ይመለሳል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ማሽን እንዲያነበው አድርጎ መጻፍ የተቻለው በዚህ ነው። በ1981ና በ1982 አሜሪካ ውስጥ ክላርክና ኤመርሰን፣ ፈረንሳይ ውስጥ ኬይና ሲፋኪስ፣ እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ተቀብሎ ያሉትን ሁኔታዎች ሁሉ እየዞረ የሚፈትሽ ዘዴ አወጡ። ሞዴል ቼኪንግ ይባላል። ፕሮግራምን በሒሳብ የማረጋገጥ ዘዴዎች ሁሉ በሚጠሩበት ፎርማል ሜተድስ በሚለው ጥቅል ስም ውስጥ ካሉት መሣሪያዎች ለባለሙያ ቶሎ የሚለመደው ይሄኛው ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ ለሚል አንባቢ የማቀርበው ታሪክ የኒድሃምና የሽሮደር ታሪክ ነው። በ1978 ሮጀር ኒድሃምና ማይክል ሽሮደር ሁለት ሰዎች በኮምፒውተር መረብ ላይ ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ሥርዓት አወጡ። ዋናው ክፍል ሦስት መልእክት ብቻ ነው፤ በአንድ ወረቀት ላይ በሦስት መስመር ይጻፋል። ብዙ አዋቂዎች አነበቡት፤ ተማሪዎች ተማሩት። 17 ዓመት አለፈ። በ1995 ጋቪን ሎው ቀዳዳውን ይፋ አደረገ፤ ቀጥሎም ሥርዓቱን በሆር ቋንቋ ጽፎ ለሞዴል ቼከር ሲሰጠው ማሽኑ ራሱ ያንኑ ቀዳዳ አሳየ። አንድ ቅን ሰው ከአንድ አታላይ ጋር በቅንነት ንግግር ይጀምራል፤ አታላዩ የተነገረውን ወስዶ ለሦስተኛ ሰው ያቀርባል፤ ሦስተኛው ሰውም ከቅኑ ጋር የሚነጋገር ይመስለዋል። ማስተካከያው በሁለተኛው መልእክት ላይ የመላሹን ስም መጨመር ብቻ ነበር። በሦስት መስመር ውስጥ ያለ ስሕተት 17 ዓመት ከተደበቀ፣ አምስት ተቋም በሚያገናኝ አገልግሎት ውስጥ ያለው ስንት ዓመት ይደበቃል?

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ልመለስ። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ወረዳኔት በሳተላይትና በፋይበር የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ከክልልና ከፌዴራል ጋር ለማገናኘት ተዘረጋ። ለምዕራብ ወሎ ደጋ ወረዳዎች ትርጉሙ ቀላል አልነበረም፤ ለአንድ ስብሰባ ደሴ ድረስ ይኬድ የነበረው በስክሪን ሊሆን ተቻለ። መስመሩ ግን ሰውን ከሰው ያገናኝ ነበር እንጂ ፕሮግራምን ከፕሮግራም አልነበረም።

ፕሮግራም ከፕሮግራም የሚያወራበት ነገር ሌላው ዓለም ላይ በዚያው ሰሞን ይበጅ ነበር። ዌብ ሰርቪስ ማለት አንድ ተቋም ያለው ሥራ ሌላ ተቋም በመረብ በኩል እንዲጠይቀው በር መክፈት ነው። የባንኩ ፕሮግራም «ይህ ሂሳብ ይህን ያህል ብር አለው ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ በተስማሙበት መልክ ይመልሳል። በ2000 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሶፕ የተባለው የመልእክት መልክና ደብሊውኤስዲኤል የተባለው የአገልግሎት መግለጫ ወጡ። በ2002 ማይክሮሶፍት፣ አይቢኤምና ቢኢኤ ብዙ አገልግሎቶችን በአንድ ቅደም ተከተል የሚያያይዝ ቢፔል የተባለ ቋንቋ አቀረቡ። ማያያዝ እንግዲህ ዋናው ፈተና ነው። ብቻቸውን ሲፈተኑ እንከን የሌላቸው ሁለት አገልግሎቶች ሲገናኙ አንዱ የሌላውን መልስ፣ ሌላውም የእርሱን መልስ እየጠበቁ ቆመው ሊቀሩ ይችላሉ።

የፎርማል ሜተድስ ሰዎች ይህን አይተው ቶሎ ደረሱ። በ2003 ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ውስጥ ፎስተር፣ ኡቺቴል፣ ማጊና ክሬመር የተያያዙ አገልግሎቶችን ወደ ሁኔታ ሥዕል ቀይረው ይፈትሹ ጀመር። በ2004 ካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ ላይ ፉ፣ ቡልታንና ሱ እርስ በርስ የሚነጋገሩ የቢፔል ፕሮግራሞችን ስፒን ለተባለው ሞዴል ቼከር እንዲመቹ አደረጉ። በ2005 በርሊን ውስጥ ደግሞ ያው ቢፔል ወደ ፔትሪ ሥዕል ተተረጎመ፤ የ1962ቱ ወረቀት ከ43 ዓመት በኋላ አዲስ ሥራ አገኘ። አዛውንቱ ሚልነር ራሱ፣ ከኖቡኮ ዮሺዳና ከኮሄ ሆንዳ ጋር፣ የዓለም አቀፉን የድር ማኅበር የደረጃ አዘጋጆች በምክር አገዘ። ሆንዳ፣ ዮሺዳና ካርቦኔ በ2008 ያወጡት ሥራ ከዚያ የበቀለ ነው። ብዙ ወገን የሚሳተፍበት ንግግር አስቀድሞ በሙሉ ይጻፋል፤ ከዚያ ለየአንዳንዱ ወገን የራሱ ድርሻ ተቆርጦ ይሰጠዋል፤ ሁሉም ድርሻውን ከጠበቀ መሀል ላይ ተጠባብቆ መቆም እንደማይኖር በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። እኔ ይህን ሐሳብ ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ፤ በሠርግ ቤት ሚዜውም ወጥ ሠሪዋም ሽማግሌውም ድርሻቸውን አውቀው ሲገቡ ድግሱ እንደማይጓደል ያለ ነውና።

ቢፔል በጊዜው ብዙ ተወርቶለት አሁን ተረስቷል። ችግሩ ግን ቋንቋው ሲያረጅ አብሮ አላረጀም። እ.ኤ.አ. በ2011 የአማዞን መሐንዲሶች የሌስሊ ላምፖርትን ቲኤልኤ ፕላስ የተባለ የዲዛይን መጻፊያ ቋንቋ መጠቀም ጀመሩ። በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደተናገሩት፣ ዳይናሞዲቢ በተባለው የመረጃ ማከማቻቸው ዲዛይን ውስጥ የተገኘ አንድ ስሕተት በአጭሩ መንገድ እንኳ የሚገለጠው 35 እርምጃ ከተሄደ በኋላ ነበር። ይህን በዓይን አይቶ የሚያገኝ ሰው የለም። ተራ ሙከራም አያገኘውም።

በዚያው በ2011 ኢትዮጵያ ውስጥ ባንኮች ተባብረው ኢትስዊችን አቋቋሙ። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእርሱ በኩል የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ማሽን መሥራት ቻለ። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ጀመረ። በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ጸድቆ ፋይዳ ሕጋዊ መሠረት አገኘ፤ ሥርዓቱ የተገነባበት ሞሲፕ የተባለው መድረክ ራሱ ሌሎች ተቋማት በመረብ እየጠየቁ ማንነት እንዲያረጋግጡበት የተሠራ ነው። በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ በየተቋሙ የነበሩ ሲስተሞች እርስ በርስ መነጋገር ጀመሩ። ሃያ ዓመት ቀድሞ ለንደንና በርሊን የተጠናው የማያያዝ ጥያቄ የእኛ ጥያቄ ሆነ።

ጥያቄውን በቁጥር ላሳይ። የነጋዴው ብር ከላኪ ሂሳብ ተነሥቶ በማገናኛው በኩል ተቀባይ ባንክ ይሄዳል፤ ሦስት ወገን አለ። እያንዳንዱ ሦስት ሁኔታ ብቻ አለው እንበል፤ ገና፣ ተይዟል፣ አልቋል። ይህ 27 ነው። በመካከላቸው አራት መልእክት ይሄዳል፣ ሁለት ወደፊት ሁለት ወደኋላ፤ እያንዳንዱ ሊደርስ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ይህ 16 ነው። አንድ ላይ 432 ይሆናል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢልኩ ደግሞ 186,624። ዲዛይነሩ ወረቀት ላይ የሚሥለው ከ432ቱ ውስጥ አንዱን ነው፤ ሁሉም መልእክት ደርሶ ሦስቱም ወገን ሥራቸውን የጨረሱበትን። አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ሲሞክረውም የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ያንኑ ነው። መካነ ሰላም ላይ ግን መብራት ሲሄድ፣ ዝናብ ሲመታ፣ የኔትወርክ ምሰሶው ሲበላሽ፣ ሰው የሚውለው በቀሩት 431 ውስጥ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ከዝናብ የከፋ መጣ። በአማራ ክልል ጦርነት ተነሣ፤ ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተዘጋ። በከፊል የተመለሰው አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። በየቦታው የድምፅ ጥሪ ሳይቀር የተቋረጠባቸው ጊዜያት ነበሩ። ጥሪ ባለበት ሰው በኮከብ ጀምሮ በመሰላል በሚያልቀው አጭር ቁጥር ይጠቀም ነበር። ያ አሠራር ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንግግሩ ሳይቆረጥ መቆየት አለበት። ፒን አስገብቶ እሺ ካለ በኋላ መስመሩ ቢበጠስ፣ የመጨረሻው ትእዛዝ ደረሰ አልደረሰ ደንበኛው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ወረፋ ይዞ ባንክ ሲሄድ የሚሰማው «ሲስተም የለም» ነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት፣ አገሪቱን ሁሉ ያስደነገጠ ነገር ሆነ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሂሳባቸው ላይ ካለው ብር በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወደ ግቢ በረረ። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ በኋላ እንደገለጹት በዚያ ጊዜ 490 ሺህ ያህል ግብይት ተካሂዷል፤ የጎደለው ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር ነበር፤ አብዛኛውም ተመልሷል። ብሔራዊ ባንክ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረና ከጥገናና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ እንደነበር አስታወቀ።

ሕዝቡ ስለ ተማሪዎቹ ሥነ ምግባር ብዙ ተከራከረ። ክርክሩ አስፈላጊ ነበር። የሚበልጠው ጥያቄ ግን ብዙ አልተነሣም ባይ ነኝ። «ከሂሳቡ የሚወጣ ብር በሂሳቡ ካለው አይበልጥም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በፎርማል ሜተድስ ሥራ ውስጥ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚጻፍ ነው። አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ በሲስተሙ ላይ ለውጥ በታሰበ ቁጥር ለውጡ ወደ ሥራ ሳይገባ ዓረፍተ ነገሩ ይጸና እንደሆነ ማሽኑ እየዞረ ይፈትሻል፤ ጥገና ላይ ሳለ፣ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ሳለ፣ አንዱ አገልግሎት ለሌላው ሳይመልስለት ሲቀር። መሣሪያው ተአምር አይሠራም። የሚፈትሸው ዲዛይኑን ነው፤ ኮዱ ከዲዛይኑ ከራቀ ስሕተቱ በዚያ ይገባል፤ የአማዞን ሰዎችም ይህን አልሸሸጉም። ነገር ግን ጥያቄው ሳይጠየቅ ከማደሩ ይሻላል።

ለነጋዴው ዝምታም መድኃኒቱ የታወቀ ነው። አንደኛው እያንዳንዱ መላክ ከላኪው ስልክ ሲነሣ የራሱ ቁጥር ይዞ እንዲነሣ ነው። ነጋዴው ሲጨንቀው ደጋግሞ ቢነካውም ተቀባዩ ያንን ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘግባል፤ የቅሬ ጸሐፊ የአንድን ሰው መዋጮ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ እንደማይጽፈው። ሁለተኛው በ1987 እ.ኤ.አ. ጋርሲያ-ሞሊናና ሳሌም ሳጋ ብለው ያወጡት ሐሳብ ነው። ረጅም ሥራ በየደረጃው ሲከፋፈል ለየደረጃው ማፍረሻውም አብሮ ይጻፋል፤ መሀል ላይ ከተቋረጠ ሥራው ወደ ኋላ ተፈትቶ ብሩ ለባለቤቱ ይመለሳል። ሁለቱም ቀላል ይመስላሉ። ማፍረሻው ራሱ መሀል ላይ ቢቋረጥስ? ተመላሹ ብርና ዘግይቶ የደረሰው ብር ቢተላለፉስ? ይህን የሚያውቀው 186,624ቱን የዞረ ብቻ ነው።

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል የመንግሥት አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። የብዙ ተቋማት ሥራ በአንድ ጣሪያ ሥር መጣ። ከጀርባው ያለው እንግዲህ ያው ማያያዝ ነው፤ መታወቂያው ከክፍያው፣ ክፍያው ከፈቃዱ። ወደ ወረዳ ሲወርድ የሚያልፈው በእነዚያው ተራሮች ላይ ነው።

መካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አላት። በግቢውም ሆነ በወሎ፣ በደብረ ታቦር፣ በባሕር ዳር ያላችሁ መምህራን ሆይ፣ ለተማሪዎቻችሁ የመመረቂያ ሥራ ሌላ የሱቅ ድረ ገጽ ከምታሠሩ ከመካነ ሰላም ደሴ የሚላክ የአንድ ብር ጉዞ ንድፍ ስጧቸው። ሦስቱን ወገን ይጻፉ፤ አራቱን መልእክት ይጻፉ፤ አንዱን መልእክት ያጥፉና ማሽኑ ምን እንደሚል ይዩ። ስፒንም ቲኤልኤ ፕላስም በነፃ ይገኛሉ፤ በተራ ላፕቶፕ ይሠራሉ፤ አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላም ኢንተርኔት አይፈልጉም።